«ለኮምቦልቻ ከንቱ፣ ለደሴ ትርፍ» ለተባለው ኩለር የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ያለ አንድ ወዳጄ ስለ ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 ኩለር፣ ማለትም ስለ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ ጻፈ። ርዕሱ ራሱ ፍርድ ነው፦ «ለኮምቦልቻ ከንቱ፣ ለደሴ ትርፍ»። ሦስት ሰው ላከልኝ። ሦስቱም «ለዚህ ምን ትላለህ?» አሉኝ። ያንኑ ኩለር ደሴ ላይ ስጠቀምበት ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዝም ብል የተስማማሁ ይመስላል።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው ኮር አይ7-12700 ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር አለው። የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብርበታል። ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶኑ የመጣውን ትንሽ ኩለር ነቅሎ ትልቁን ገጠመ። ሁለቱንም ሞከረ። ከዚያ ክሱን ደረደረ። ልዩነቱ 12 ዲግሪ ብቻ ነው አለ። ዝምተኛ የተባለው ይጮሃል አለ። ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሆነ አያድንም፣ ደሴ ብርድ ስለሆነ አያስፈልግም አለ። የውሃ ኩለር ይሻላል፣ ክብደቱ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ) ይሰብራል፣ ኬዝ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ውስጥ አይገባም፣ አቧራ ይሰበስባል ብሎ ጨመረ። ማሳረጊያው «በዚህ ዋጋ ሁለት በግ ይገዛል» የሚል ነው።

ከጸሐፊው ጋር እንተዋወቃለን። ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጠን የተከራከርንበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ «አንተ» እያልኩት ልቀጥል።

«ልዩነቱ 12 ዲግሪ ብቻ ነው»

ወንድሜ፣ በትንሹ ኩለር 100 ዲግሪ፣ በትልቁ 88 ዲግሪ አገኘሁ ብለሃል። ቀነስክና 12 ወጣልህ። ቅነሳው ልክ ነው። ጉዱ ያለው 100 የምትለዋ ቁጥር ላይ ነው።

የዚህ ፕሮሰሰር የሙቀት ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። የወሰነው ራሱ አምራቹ ኢንቴል ነው። እዚያ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የሚወስደውንም ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። ከዚያ እንዳያልፍ ራሱን ይይዛል። ስለዚህ 100 የትንሹ ኩለር ውጤት አይደለም። ፕሮሰሰሩ «በቃኝ» ያለበት ቦታ ነው። ከዚያ የባሰ ደካማ ኩለር ብትገጥምም የምታየው ያችኑ 100 ነው። ቦኖ ላይ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ሲፈስ አይተህ «20 ሊትር ቀዳሁ» እንደማለት ነው። የፈሰሰውን ማን ቆጠረው?

ማስረጃው ደግሞ ያንተው ጽሑፍ ውስጥ አለ። መሃል ላይ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጽፈሃል። ያው የሰርግ ቪዲዮ በትንሹ ኩለር በ41 ደቂቃ፣ በትልቁ በ33 ደቂቃ ሬንደር ሆነ (ተቀናብሮ ወጣ) ብለሃል። ከዚያ አልፈኸው ሄድክ። ኧረ ተመለስ! ስምንቱ ደቂቃ ከየት መጣ? ፕሮሰሰሩ ያው ነው። ቪዲዮው ያው ነው። የተለወጠው ኩለሩ ነው። ትልቁ ሲገጠም ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሠራ። ብዙ ዋት ወሰደ፤ ብዙ ሙቀት አወጣ። ያም ሆኖ 12 ዲግሪ ዝቅ አለ። የበለጠ ጭነት ተሸክማ ቀድማ የገባችውን በቅሎ ላቧን ብቻ አይተህ ነው ከሌላዋ ጋር ያወዳደርካት።

ይህ ፕሮሰሰር በወረቀት ላይ 65 ዋት ነው ይባላል። ያ መነሻው ነው። ሥራ ሲበዛበት እስከ 180 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። ኢንቴል ሁለቱንም ቁጥር ጽፏል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ደግሞ የማዘርቦርዱ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማስተካከያ ገጽ) ላይ ይወሰናል። እንግዲህ ኩለር የሚያወዳድር ሰው መጀመሪያ ዋቱን እኩል ማድረግ አለበት። ትንሹ የሚችለውን ያህል፣ ለሁለቱም 65 ዋት ብለህ ባዮስ ላይ ቆልፍ። የክፍሉን ሙቀት ለካ። ከፕሮሰሰሩ ሙቀት ላይ ቀንሰው። የሚተርፈው ቁጥር ነው የኩለሩ ሥራ የሚለካበት። አንተ ግን ትንሹን ጠዋት፣ ትልቁን ከሰዓት በኋላ ነው የሞከርከው። ራስህ ጽፈኸዋል። ኮምቦልቻ ላይ በግንቦት ጠዋትና ከሰዓት አንድ ነው እንዴ?

«ዝምተኛ ተባለ እንጂ ይጮሃል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ኩለሩን የገዛሁት ለዚህ ነው።

ያስቀመጥከውን የባዮስ ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ሁለቱም ፋኖች ሙሉ ፍጥነት ላይ ናቸው፤ በደቂቃ 1500 ዙር። መኪናን በአንደኛ ማርሽ ቤንዚን ረግጠህ «ይጮሃል» አልክ። አምራቹ ለዚህ ፍጥነት የጻፈው 24.6 ዴሲቤል ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ አይደለም። ግን በዚህ ፍጥነት እንዲሠራ ማን አዘዘህ?

የፋን ነገር እንዲህ ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሰው የሚገፋው አየር በግማሽ ይቀንሳል። ድምፁ ግን ወደ 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። 10 ዴሲቤል ሲወርድ የሰው ጆሮ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ይሰማዋል። ስለዚህ አየሩን በግማሽ ትተህ ከብዙ ጩኸት ትገላገላለህ። ትንሹ ኩለር ይህን ንግድ መነገድ አይችልም። ሙቀት የሚበትኑት ስስ ቅጠሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ፋኑ ትንሽ ነው። ቀስ ካለ ፕሮሰሰሩ ይግልበታል። ትልቁ ሁለት የአሉሚኒየም ቅጠል ክምር አለው። በመሃላቸው ስድስት የሙቀት ቱቦዎች ያልፋሉ። ፋኖቹ 140 ሚሊሜትር ናቸው። ከ92 ሚሊሜትር ፋን ጋር ስታስተያየው የ140ው ፊት ከሁለት እጥፍ በላይ ይሰፋል። ቀስ እያለ ብዙ አየር ያንቀሳቅሳል። ሰዎች የሚከፍሉበት ይህ ነው። ቅዝቃዜው በትርፍ የሚመጣ ነው።

የኔን ልንገርህ። ከሰርግ ቪዲዮ ሌላ መንዙማ እቀዳለሁ። ቤቴ ጠባብ ነው፤ ማይክሮፎኑና ኮምፒውተሩ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። መንዙማ ደግሞ ድቤው ሲያርፍና ድምፅ ብቻ ሲቀር ያለችው ቅጽበት ናት ውበቱ። በዚያች ቅጽበት የሚሰማው የኔ ፋን ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ሸህ መሃል ላይ አቁመው «ልጄ፣ ይቺ ወፍጮ አትቆምም?» አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩን ኮሪደር ላይ እያወጣሁ ገመዱን በበር ሥር ማስገባት ጀመርኩ። በክረምት በር ገርበብ አድርጎ መቅዳት ደሴ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ።

አሁን ስቀዳ ፋኖቹ በደቂቃ ከ600 እስከ 700 ዙር ይዞራሉ። ኮምፒውተሩ ክፍሉ ውስጥ ነው። በር ዝግ ነው። ሸሁም ተመልሰው መጥተዋል።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ግን አለ። ኩለሩ ዝም ሲል የፓወር ሰፕላዩ ፋን ሲያጉረመርም መስማት ጀመርኩ። ለካ ከበፊቱም ነበረ፤ ተሸፍኖ ነው። እሱን ለመለወጥ ሌላ ወጪ ወጣብኝ። ይህን ጽፈህ ቢሆን ኖሮ ባጨበጨብኩልህ።

«ለኮምቦልቻ ከንቱ፣ ለደሴ ትርፍ»

አባባሉ ያምራል። ቤት ይመታል ማለት ይቻላል። ስሌቱ ግን ተገልብጧል።

የአየርም ሆነ የውሃ ኩለር ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም። ክፍልህ 30 ዲግሪ ከሆነ ከ30 ይነሳል። 15 ከሆነ ከ15። ለትልቁም፣ ለትንሹም፣ ለውሃውም ያው ነው። ጣሪያህ 100 ነው ብለናል። ኮምቦልቻ ላይ በ30 ዲግሪ ክፍል መንቀሳቀሻህ 70 ዲግሪ ነው። ደሴ ላይ በ15 ዲግሪ ክፍል 85 ነው። መንቀሳቀሻው የጠበበበት ሰው ነው ጠንካራ ኩለር የሚያስፈልገው። ሙቀቱን ክስ አድርገህ አቀረብከው፤ እኔ ካንተ ቤት ብሆን ለመግዛት ምክንያት አደርገው ነበር።

ወደ ደሴ እንምጣ። «ብርዱ ይበቃቸዋል» ብለሃል። ብርዱ ያግዛል፤ አልክድም። የረሳኸው ከፍታውን ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል። የክፍል ሙቀት እኩል ሆኖ ቢወዳደር የደሴ አየር ከባሕር ዳርቻ አየር ወደ ሩብ ያህል የቀለለ ነው። የኮምቦልቻው ወደ አንድ አምስተኛ ያህል። ጦሳ ተራራ ላይ ሩጫ የሞከረ ሰው ይህን በሳንባው ያውቀዋል። ባቄላ የምትቀቅል እናትም ታውቀዋለች፤ ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ባቄላውም ይዘገያል።

ፋን የሚቆጥረው የአየሩን ይዘት (በሊትር የሚለካውን) ነው እንጂ ክብደቱን አይደለም። በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት ደሴም ላይ ጅቡቲም ላይ ያው ነው። ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት ነው። አየሩ ሲቀልል በያንዳንዱ ዙር የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ትንሹ ኩለር ይህን ጉድለት የሚያካክሰው በመፍጠን ነው፤ ማለትም በመጮህ። ትልቁ ግን ትርፍ ቅጠል አለው። ብርዱ የሰጠህን ስስ አየሩ መልሶ ይቀማሃል፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። በጎ ጎኑ፣ ስስ አየር ውስጥ የሚዞር ፋን ድምፁም ትንሽ ይቀንሳል።

በነገራችን ላይ አንድ ደንበኛ «እዚያ ላይ ያሉት ቱቦዎችስ? ውስጣቸው ውሃ አለ ይባላል፤ እዚህ ቶሎ አይፈላም?» ብሎ ጠይቆኛል። ቱቦዎቹ የታሸጉ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በራሱ ዝቅተኛ ግፊት ነው የሚተነውና የሚመለሰው። የጦሳ ከፍታ አይመለከታቸውም።

«የውሃ ኩለር ይሻላል»

ለምን ዓይነት ፕሮሰሰር? ኮር አይ9-13900ኬ 253 ዋት ድረስ ይወስዳል። እሱን ቀኑን ሙሉ አንቀህ የምትሠራ ከሆነ ባለ 360 ሚሊሜትር ራዲያተር ውሰድ፤ አልከራከርህም። ያንተ ፕሮሰሰር ግን ያ አይደለም።

የውሃ ኩለርም መጨረሻው አየር ነው። ውሃው ሙቀቱን ወደ ራዲያተሩ ይወስዳል፤ ከዚያ የሚያወጣው ፋን ነው። ያው ፋን፣ ያው የወሎ አየር። ልዩነቱ በመሃል ፓምፕ መግባቱ ነው። ፓምፕ ድምፅ አለው። ፓምፕ ይሞታል። ሲሞት ብዙውን ጊዜ ክፍሉን ለይተህ አትጠግነውም፤ ሙሉውን ትጥላለህ። ደሴ ላይ ምትክ ፓምፕ ከየት ታመጣለህ? ከዲ15 ፋኖች አንዱ ቢሞት ግን ሌላው እየሠራ ይቆያል። ምትኩን እስክታገኝ ሥራህ አይቆምም። አምራቹ 6 ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ደግሞ ይህ ኩለር የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓይነት ሶኬት (ፕሮሰሰር የሚቀመጥበት ቦታ) መጥቶ ሄደ፤ እሱ መግጠሚያው ብቻ እየተለወጠ እስካሁን ይገጠማል።

«ሁለት ኪሎ ብረት ማዘርቦርድ ይሰብራል»

መጀመሪያ ሁለት ኪሎ አይደለም። ከሁለቱ ፋኖች ጋር 1320 ግራም ነው። ብረትም አይደለም፤ አሉሚኒየምና መዳብ ነው። ከማዘርቦርዱ ጀርባ የብረት መደገፊያ ይገባል። አራት ቦታ በብሎን ይታሰራል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር በዚህ አይሰበርም።

መንገድ ላይ ከሆነ ግን ከፊል ልክ ነህ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በር አለ፣ በመጨረሻ ደግሞ የሀረጎ ጠመዝማዛ አለ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ካለ ሱቅ ለደንበኛዬ ተገጣጥሞ የተላከ ኮምፒውተር ተቀበልኩ። ስንከፍተው ኩለሩ ተላቅቆ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ተኝቷል። የትኛው ኩለር መሰለህ? ያ ትንሹ! በአራት የፕላስቲክ ችንካር የሚያዘው። ሁለቱ ተስፈንጥረው ወጥተዋል። ሱቁ ስልክ አነሳና «ስንልከው ደህና ነበር» አለ። በቃ፣ እዚያው ቀረ።

ስለዚህ የሚይዘው ነገር ነው ወሳኙ። ትልቁን የምታጓጉዝ ከሆነ ኬዙን አስተኛው። ማዘርቦርዱ እንደ ጠረጴዛ ይተኛ፤ ኩለሩም እንደ ሐውልት ከላዩ ይቁም። ከቻልክ ነቅለህ ለብቻው ጠቅልለው። መልሰህ ስትገጥም ቴርማል ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሃል ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጠርገህ አዲስ ቀባ። የአውቶቡስ ረዳቱን «ይህ ዕቃ በዚህ ጎኑ ነው የሚተኛው» ብለህ ለምነው። እሱ የሚሰማህ ከሆነ ማለቴ ነው።

«ኬዝ ውስጥ አይገባም፣ ራም ይሸፍናል»

እውነት ነው። እዚህ ላይ እጅ እሰጣለሁ።

ቁመቱ 165 ሚሊሜትር ነው። ብዙ ጠባብ ኬዝ ይህን አያስገባም። ሁለቱ ፋኖች እንዳሉ ከፊተኛው ሥር የሚገባው ራም (የኮምፒውተሩ ሜሞሪ) 32 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው ነው። ያ ማለት ያ የሚያብረቀርቀው፣ ቀንዳም ራም አይገባም። ፊተኛውን ፋን ከፍ አድርገህ ማሰር ትችላለህ። ያኔ ደግሞ የኬዙ በር ላይዘጋ ይችላል። አንተ በሩን ከፍተህ መጠቀምህን ሳነብ ሳቅሁ፤ እኔም የመጀመሪያውን ሳምንት እንደዚያው ነበርኩ። ከዚያ ዝቅ ያለ ራም ገዛሁ። ከመግዛትህ በፊት ማስመሪያ ይዘህ ከማዘርቦርዱ እስከ በሩ ድረስ መለካት ነበረብህ፤ እኔም ነበረብኝ።

ቀለሙም ያስጠላል ብለሃል። ወተት የበዛበት ቡና ይመስላል። በዚህም አልከራከርም።

«አቧራ ይሰበስባል»

ሁሉም ኩለር ይሰበስባል። ቀስ የሚል ፋን የሚስበው አየር ያንሳል፣ አቧራውም ያንሳል። በሦስት ወር አንዴ በለስላሳ ብሩሽ ጥረገው። ስታራግፈው ፋኑን በጣትህ ያዝ፤ በንፋስ መንፊያ አታሽከርክረው። አለቀ።

«በዚህ ዋጋ ሁለት በግ ይገዛል»

ይህኛው ያንተ ጠንካራው ነጥብ ነው። ለምን መጨረሻ ላይ እንደ ቀልድ እንደጣልከው አልገባኝም። ዲ15 ውጭ አገር ከ100 ዶላር ከፍ ይላል። እዚህ እስኪደርስ ምን እንደሚሆን አንተም ታውቃለህ። 65 ዋት ላይ የሚቆይ ፕሮሰሰር ይዞ ጽሑፍ የሚጽፍና ፊልም የሚያይ ሰው ይህን ቢገዛ እኔም «ምን ነካህ?» እለዋለሁ።

ለኔና ላንተ ዓይነት ሥራ ግን መሃል መንገድ አለ። ተርማልራይት የሚባለው ድርጅት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ የሚል ኩለር አለው። እሱም ሁለት ክምር ነው፣ እሱም ስድስት ቱቦ አለው። ፋኖቹ 120 ሚሊሜትር ናቸው። ቁመቱ 155 ሚሊሜትር ስለሆነ ላንተ ኬዝ የመግባት ዕድሉ ይሰፋል። ዋጋው ውጭ አገር 35 ዶላር አካባቢ ነው። ለጓደኞቼ ሁለቱን ገጥሜአለሁ። ፍጥነቱን ዝቅ ካደረግኸው ለሰርግ ቪዲዮ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። በር ዘግቼ መንዙማ ስቀዳ ግን የኔን አልለውጥም፤ ልዩነቷ ትንሽ ናት፣ ማይክሮፎኑ ግን ይሰማታል።

እንግዲህ ዲ15ህን ለመሸጥ ካሰብክ ቆይ። መጀመሪያ ባዮስ ግባና ፋኖቹን በደቂቃ 700 ዙር ላይ አድርጋቸው። ዋቱን ቆልፍ። ጠዋት ጠዋት ብቻ ሞክር። ያቺን በ33 ደቂቃ ያለቀችውን ቪዲዮ ደግመህ ሬንደር አድርግና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፍልኝ። ከዚያም ካልወደድከው እኔው ገዢ አፈላልግልሃለሁ። በብሩ ሁለቱን በግ ከገዛህ ደግሞ አንዱ ሲታረድ ደውልልኝ፤ ማስመሪያና ቴርማል ፔስት ይዤ ሀረጎን እወርዳለሁ።